በስንጥቁ ላይ የተለጠፈው ጀሶ

ስንጥቁን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ዝም ብል ኖሮ ሌላ ሰው ያየው ነበር፤ እኔም ከሌሎቹ ጋር ቆሜ «ወይ ጉድ» እል ነበር። ግን አፌ አያርፍም። «ይሄ ነገር ተሰንጥቋል» አልኩ። ሁሉም ዞሮ ስንጥቁን ሳይሆን እኔን አየ።

ቦታው ባሌ ውስጥ፣ ከሮቤ ወደ ጎባ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ባለቤቱ ሐጂ፣ ዕድሜያቸውን በስንዴ እርሻና በመጋዘን የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ክፍሎቹ አልቀው በርና መስኮት ሲገባላቸው፣ ጓሮው ላይ መዋኛ ገንዳ ይሠራ አሉ። የሳነቴን ብርዳም አምባ ወጥተው የሚመለሱ እንግዶች ይወዱታል ብሎ አንድ ሰው ነግሯቸዋል። እኔ እስከማውቀው ሳነቴ ወጥቶ የተመለሰ ሰው የሚወደው ብርድ ልብስ ነው። ውሃ በበርሜል የሚያመጣልን ባለጋሪም በመጣ ቁጥር ይሄንኑ ያነሳ ነበር።

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ በዚህ ብርድ ማን ነው ልብሱን የሚያወልቀው?»

«አንተ ታወልቃለህ፣ ሐጂ ካስገቡህ።»

«እኔማ ፈረሴን ነው የማጥብበት።»

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጬ ከእናቴ ጋር በቃል ስንጋጭ ከርመን፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም «ነይ እስቲ እኔ ጋ ሥሪ» አለኝ። አጎቴ የሐጂ ሥራ ፎርማን ነበር። የሚኖረውም እኛው ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ነው። መጀመሪያ አሸዋ አቀብል ነበር። የገንዳው ወለል አርማታ በፈሰሰ ጊዜ ግን ውሃ የማጠጣቱን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። ቀላል ይመስላል። አርማታ ከፈሰሰ በኋላ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያህል ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መራስ አለበት። በጥር ደግሞ እኛ አገር ቀን ፀሐዩና ንፋሱ ፊት ይልጣል፣ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ሥራውን ወደድኩት። ውሃ ጎደለ፣ በርሜል ፈሰሰ፣ የቱ ጋ ነው መርገጥ የሚቻለው ሲባል «እሷን ጠይቋት» ይባል ጀመር። እስከዚያ ጊዜ ሰው እኔን የሚጠይቀኝ «እንጀራ አለ?» ብሎ ብቻ ነበር።

ግድግዳው ተሠርቶ ጣውላው ሲነሳ ነው እንግዲህ ስንጥቁን ያየሁት። ሁለት ዓይነት ነበር። ወለሉ ላይ፣ በተለይ ጥልቀት በሌለው በኩል፣ ፀጉር የሚያካክሉ መስመሮች እርስ በርስ ተጠላልፈው ተኝተዋል። በጥልቁ በኩል ደግሞ ከግድግዳው አናት ጀምሮ በሰያፍ እየወረደ ወለሉን የሚነካ አንድ ረጅም ስንጥቅ አለ፤ ጥፍሬን አስገባሁበት፣ ገባ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ግቢው ውስጥ ሰው ለሰው የሚያወራበት ድምፅ ተቀየረ። ዘበኛው ከሥሩ የድሮ መቃብር አለ አለ። ግንበኞቹ አሸዋው አፈር ነበረበት እያሉ አሸዋ ያመጣውን ሾፌር አሙ። ፌሮ አሳሪዎቹ ግንበኞቹን አሙ። እኔ ሁሉንም ጠረጠርኩ። ማን ከማን ጋር ሻይ እንደጠጣ፣ እኔ ስደርስ ማን ወሬውን እንደቆረጠ ሁሉ እይዝ ነበር። አጎቴ ግን ማንንም አላማም፣ ይሄ ነው ያስፈራኝ። ሁልጊዜ ጠዋት ከሮቤ በአንድ ባጃጅ ነው የምንመጣው፤ በመንገድ ላይ ስለ ሁሉም ነገር ያወራል። ያን ሰሞን ስለ ስንጥቁ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሰነበተ።

በአራተኛው ቀን ሐጂ መጡና ገንዳው ጠርዝ ላይ በከዘራቸው ተደግፈው ቁልቁል አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሐጂ፣ ውሃ በደንብ ካልጠጣ እንዲህ ያደርጋል።»

«ውሃ ማን ነው ያጠጣው?»

አጎቴ ስሜን አልጠራም። አገጩን ብቻ ወደ እኔ መለስ አደረገ። ከዚያ በፊት የእናቴ ወንድም በአገጩ ሲያሳየኝ አይቼ አላውቅም።

«አጠጥቻለሁ» አልኩ።

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ ወላሂ በይ።»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ ሐጂ። ግን አጠጥቻለሁ።»

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። ባለሙያ ይምጣ አሉ።

በማግስቱ ከሮቤ አንድ ወጣት ኢንጅነር መጣ። ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው እየመረጠ ነበር የሚራመደው፤ ስለዚህ ወዲያው ናቅኩት። ከመሰላሉ ወርዶ ስንጥቆቹን ሲያይ ግን ንቀቴ ቀነሰ። ተንበርክኮ በጣቱ ተከተላቸው፣ በመዶሻ ጫፍ መታ መታ እያደረገ ጆሮውን አስጠጋ።

«ይሄ የወለሉ» አለ፣ «የላይ የላይ ነው። ፈጥኖ ደርቆ ነው። ይታከማል። ይሄኛውን ግን አላምነውም።» ረጅሙን ስንጥቅ ማለቱ ነው። «ወይ እሱም ሲደርቅ የተሰነጠቀ ነው፣ ወይ ከሥሩ መሬቱ እየተነሳና እየወረደ ነው። ጥቁር አፈር ካለበት ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ የላዩን ይሰብራል።»

«ጥቁሩን አፈር አውጥተናል» አለ አጎቴ። «ቀዩ ላይ ደርሰን ነው ድንጋይ የሞላነው።»

«እንግዲያው እናያለን።»

ጀሶ አስበጠበጠ። በረጅሙ ስንጥቅ ላይ አራት ቦታ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ጀሶ ከዚህ ወደዚያ አሻግሮ ለጠፈና በእርሳስ ቀን ጻፈባቸው። ጀሶ አይለጠጥም፣ ስንጥቁ ትንሽ እንኳ ቢከፈት አብሮ ይሰበራል አለን። ዝናቡ እስኪገባ ይቆይ፤ ከተሰበረ ጥፋቱ ከመሬቱ ነው፣ ካልተሰበረ ስንጥቁ ሞቷል፣ ደርቆ ነው የተሰነጠቀው።

«ደርቆ ከሆነስ?» አሉ ሐጂ።

ኢንጅነሩ ትከሻውን ነቀነቀ። «ያጠጣው ሰው ይጠየቃል።»

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነበር። ጀሶው ከተሰበረ ቁፋሮውን የመራው አጎቴ ይወጣል። ካልተሰበረ እኔ እወጣለሁ። እኔ ከወጣሁ ደግሞ ከሐጂ ግቢ ብቻ አይደለም የምወጣው፤ ሮቤና ጎባ ውስጥ አጎቴ የማያውቀው ፎርማን የለም፣ «ውሃ ማጠጣት ያቃታት» ተብዬ እቤቴ ተመልሼ ነው የምቀመጠው። የእኔና የእናቴ ወንድም ዕጣ አራት ቁራጭ ጀሶ ላይ ተለጠፈ።

አሁን ያኔ ያልተናገርኩትን ልናገር። አጠጥቻለሁ ያልኩት እውነት ነው። አንዲት ቀን አልዘለልኩም። ግን ውሃው ቶሎ እንዳይተን ወለሉ ላይ የተነጠፈው ጭድ ነበር። ጆንያ መሆን ነበረበት፤ አጎቴ ጭድ ይበቃል አለ። ቦና የምንለው የመኸሩ ስንዴ በኮምባይነር ታጭዶ ማለቁ ስለነበር የሐጂ ማሳ ላይ የጭድ ክምር እንደ ተራራ ነበር። ባለጋሪው በቀትር በርሜሎቹን ይዞ ሲመጣ በተቆፈረው መውረጃ እስከ ወለሉ ጫፍ ይገባና፣ እኛ በርሜል ስናራግፍ ፈረሱን ፈትቶ ይለቀዋል። ፈረሱ እርጥብ ጭድ አገኘ። መጀመሪያ ጫፍ ጫፉን በላ። ከዚያ ገባ። ከልክዬው ነበር፣ ሁለት ቀን ያህል። ባለጋሪው ግን «ተይው፣ ከበላ ነገም ይመጣል» አለኝ፤ እውነቱን ነበር፣ ፈረሱ ወደ እኛ ግቢ ሲሆን ሳይነዳ ነበር የሚገሰግሰው። ውሃዬ በሰዓቱ ይደርስልኝ ነበር። ስለዚህ ተውኩት። የተረፈውን ጭድ አሳስቼ እበትነው ነበር። ቀትር ላይ ያጠጣሁት ውሃ በዚያ ፀሐይና ንፋስ ራቁቱን አርማታ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ አልጠየቅኩም።

ኢንጅነሩ «የወለሉ ፈጥኖ ደርቆ ነው» ሲል የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም አልኩ። አጎቴም የሚያውቀው ነገር እንዳለና ዝም እንዳለ በዝምታው አወቅኩት፣ ምክንያቱም ዝምታው የእኔን ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ወር ጥሩ አልነበረም። ጠዋት ስንደርስ ሁለታችንም በቀጥታ ወደ ጥልቁ በኩል እንሄዳለን፤ እሱ ሜትር የረሳ ይመስል፣ እኔ መጥረጊያ የምፈልግ እመስላለሁ። ጀሶዎቹን አይተን እንለያያለን። ማታ በባጃጅ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንነጋገርም። ባለባጃጁ አንድ ቀን በመስታወቱ አይቶን «ዛሬ ደግሞ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የምትሄዱት?» አለ። ቤት ስንገባ እናቴ ለእሱ ቀድማ ውሃ ታቀርብለታለች። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ እሱ ነው አዝሎ ያሳደጋት። እኔ ከማዶ ተቀምጬ እጁን ሲታጠብ አያለሁ፤ በጥፍሮቹ ሥር ጀሶ እየፈለግኩ፣ የተሰበረውን በስውር ለጥፎ እንደሆን።

ባለጋሪውን ጠየቅኩት። ገንዳ ሳይኖር በፊት ያን ቦታ ያውቀው እንደሆን።

«ጥልቁ ጋ? እዚያማ በክረምት ጋሪ ይውጣል። ኮቲቻ ነው፣ ጎማ ይዞ አይለቅም» አለኝ። ኮቲቻ የሚሉት ጥቁሩን አፈር ነው። «ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲሁ።»

«አንቺ እንዲሁ የምትጠይቂ ሰው አይደለሽም።»

ይሄ ማስረጃ አልነበረም፤ የተቆፈረ ይቆፈራል፣ የወጣ ይወጣል። ግን ጥርጣሬዬ እግር አወጣ። መጋቢት ገብቶ ጀሶዎቹ እንደነበሩ ናቸው። ዝናብ የለም። አጎቴ ቀስ በቀስ ማፏጨት ጀመረ። በሐጂ ፊት «እንዳልኩዎት ነው» ሲልም ሰማሁት። እኔ ያን ቀን ከመጋዘኑ አንድ ትልቅ ሚስማር አንስቼ ጃኬቴ ኪስ ከተትኩ። ምን ላደርግበት እንደሆነ ለራሴ አልነገርኩትም። ሳልነግረውም ያውቅ ነበር።

አንድ ምሽት ዝናቡ መጣ፣ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አደረ። ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። አጎቴን ሳልጠብቅ ወደ ጎባ በሚሄደው የመጀመሪያ ሚኒባስ ተሳፍሬ ግቢው በር ላይ ወረድኩ። ዘበኛው ሲያዛጋ አልፌው ወደ ገንዳው ወረድኩ። ከታች ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የዝናብ ውሃ ተኝቷል። እጄ ኪሴ ውስጥ ሚስማሩን ይዟል። ሰው የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ጫን ማለት ነበር።

ሁለተኛው ጀሶ ጋ ስደርስ ተሰብሮ አገኘሁት። መሀሉን ፀጉር የመሰለ መስመር አቋርጦታል፣ በተጻፈው ቀን መካከል። ሦስተኛውም ተሰብሯል። ደስ ብሎኝ ሚስማሩን ከኪሴ አወጣሁትና፣ እንደ ሞኝ፣ በጫፉ መስመሩን ለካሁት፣ ይገባ እንደሆን።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

አጎቴ መሰላሉ ላይ ቆሟል። በአንድ እጁ የግንበኛ ማንኪያ ይዟል፣ በሌላው ነጭ ነገር ያለበት ፌስታል።

«ሰበርሽው» አለ።

«ተሰብሮ ነው ያገኘሁት።»

«የያዝሽውስ?»

«ሚስማር ነው። አንተስ የያዝከው?»

ፌስታሉን ከኋላው ሊያደርገው ሞከረ፣ መሰላል ላይ ሆኖ ግን አይመችም። «ላየው ነው የመጣሁት።»

«ጋሼ፣ ጀሶ ይዞ ነው የሚታየው?»

ወረደ። ጫማው ውሃ ውስጥ ገባ፣ ግድ አልሰጠውም። ጀሶዎቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናቴን ሲያባብል እንደሚያወራው አወራኝ።

«ስሚኝ። እኔ ይሄን ልለጥፈው። ሐጂ ሲጠይቁ ደርቆ ነው እላለሁ፣ ልጅ ናት ይለፏት እላለሁ። እኔ ካልኳቸው አያስወጡሽም። ሁለታችንም እንቀራለን። አለዚያ አንቺ ሚስማር ይዘሽ ተገኝተሻል፣ ማን ያምንሻል?»

እውነቱን ነበር። ለአንድ ወር ስጠብቅ የኖርኩት ማስረጃ ደርሶ፣ እኔው በእጄ አበላሽቼዋለሁ። ሐሳቡም መጥፎ አልነበረም፤ እዋሻለሁ፣ ሥራዬ ይቀጥላል፣ እናቴ ምንም አታውቅም። ግን «ልጅ ናት ይለፏት» የምትለዋ ቃል እንደ ጠጠር ገባችብኝ። ዕድሜ ልኬን «ልጅ ናት» ተብዬ በይለፏት ልኖር ነው።

መሰላሉን ወጣሁ። ከመጋዘኑ አጠገብ ዶማና አካፋ አነሳሁ። በጥልቁ ማዕዘን፣ ከግድግዳው ውጪ፣ በኋላ በተሞላው አፈር ላይ መቆፈር ጀመርኩ። አጎቴ ተከትሎኝ መጣና ቆመ።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ከሥሩ ያለውን ላየው ነው።»

«ወለሉ ከቁመትሽ በላይ ጥልቅ ነው እኮ። ቀኑን ሙሉ ብትቆፍሪ አትደርሺበትም።»

«ቀኑን ሙሉ አለኝ።»

ሐጂ ሱብሒ ከሰገዱ በኋላ ግቢውን መዞር ልማዳቸው ነው። ሲደርሱ ጉልበቴ ድረስ ገብቻለሁ። አጎቴን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ፌስታሉን አዩት።

«ምን ሆናችኋል?»

አጎቴ አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት። ካልቀደምኩት እሱ በመረጠው ቃል ነበር የሚነገረው።

«ሐጂ፣ ጀሶው ተሰብሯል። ግን ጀሶውን አይመኑ። እኔ ሚስማር ይዤ ነው የገባሁት፣ ይኸው። አጎቴ ሲደርስብኝ በእጄ ነበር። እሱም ሊለጥፈው ጀሶ ይዞ ነው የመጣው። ሁለታችንንም አይመኑ። ይሄን ጉድጓድ ያስቆፍሩና ያዩትን ይመኑ።» በዶማው ወደ ገንዳው ጠቆምኩ። «የወለሉ ስንጥቅ ግን የእኔ ነው። ጭዱን የውሃው ፈረስ ሲበላው እያየሁ ተውኩት።»

«ፈረስ?» አሉ ሐጂ።

«ፈረስ።»

ሐጂ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «የእኔን ጭድ፣ በእኔ ገንዳ ውስጥ፣ የሰው ፈረስ ይቀለብ ነበር» አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚነግሩ። ከዚያ ሁለት የቀን ሠራተኛ ጠሩና «አግዟት» አሉ።

አጎቴ አልሄደም። የሄደ እንደሆነ ምን እንደሚባል ያውቃል። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስንቆፍር ዋለ። ከቀትር በኋላ ከወለሉ በታች የተሞላው ድንጋይ ጋ ደረስን። ድንጋዩ ስስ ነበር። አንዱን ፈንቅዬ ከሥሩ አካፋዬን ስሰድ፣ ጥቁር አፈር ይዞ ወጣ፤ እርጥብ፣ ከአካፋው ላይ ተጣብቆ አልወርድ ያለ። በእጄ መላጥ ነበረብኝ። ሐጂ ከላይ ሆነው «ስጪኝ» አሉ። አቀበልኳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያርሱት የኖሩት አፈር ነው፤ በጣታቸው አሹትና ለአጎቴ አሳዩት።

«ቀይ ነው ያልከኝ ይሄ ነው?»

አጎቴ ተነሳ። «ሌላው በሙሉ ቀይ ነው፣ ሐጂ። ይቺ ጥግ ስትቀር የመቆፈሪያው መኪና ወደ ሌላ ሥራ ሄደብኝ። በእጅ ማስቆፈር ነበረብኝ። ሳምንት ይወስዳል ብዬ ሸፈንኩት።»

«ብትነግረኝ ኖሮ ሳምንት እከለክልህ ነበር?»

«አይ።»

«ታዲያ?»

እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ያሸነፍኩ መስሎኝ ቀና ብዬ ሳየው፣ እሱ ሐጂን አይደለም የሚያየው፣ የእኔን እጅ ነበር የሚያየው። ጥቁር በጥቁር ሆኗል። ፊቱ ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። ድካም ብቻ ነበር።

ሐጂ ሁለታችንንም አላባረሩም። አጎቴን ያበላሸኸውን ራስህ አፍርሰህ ሥራው አሉት። እሺ አለና፣ በሳምንቱ ጎሮ የምትባል ከተማ ሌላ ሥራ ያዝኩ ብሎ ሄደ። ከኋላ ያለችው ክፍል ባዶ ናት። እናቴ ነገሩን ከእሱም ከእኔም ሰምታለች፤ ማን ልክ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ «ሰው ሳይሰማ እዚሁ ቤት መጨረስ አትችሉም ነበር?» ብላ ነው።

የጥልቁ ጥግ ፈረሰ፣ ጥቁሩ አፈር በሰው ጉልበት ወጣ፣ ድንጋይና ቀይ አፈር ተጠቅጥቆ ሞላ። የወለሉን ስንጥቆች እኔው በመሮ እያሰፋሁ፣ ኢንጅነሩ ባሳየኝ ልክ በጥብጬ ሞላኋቸው። ጉልበቴ ቆስሎ ከረመ። አዲስ አርማታ ሲፈስ ውሃ ማጠጣቱ ለእኔ ተሰጠ፤ በዚህ ጊዜ በጆንያ።

አዲሱ ፎርማን የጎባ ሰው ነው፣ አያውቀኝም፣ ወሬዬን ግን ሰምቷል። ማታ ማታ ከመውጣቱ በፊት ይመጣና «አጠጣሽ?» ይለኛል። «አጠጣሁ» እለዋለሁ። አዎም እሺም ሳይለኝ ያጎነብስና ጆንያውን ገልጦ መዳፉን አርማታው ላይ ያሳርፋል። የመጀመሪያውን ቀን ደሜ ፈላ። አሁን እሱ ከመምጣቱ በፊት ሦስት አራት ቦታ እኔው ገልጬ እነካዋለሁ።